ይፋጃል ያለችኝ ውሃ

ፍሪጅ ጠጋኝ ነኝ። ሱቄ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሰው ፍሪጅ ሳቀዘቅዝ ኖሬአለሁ። ንዴታም መሆኔን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ደንበኛ መጥቶ «ጋዙ አልቆ ይሆናላ» እያለ ሊያስተምረኝ ሲጀምር «እንግዲያው ራስህ ሥራው!» ብዬ መፍቻውን እጁ ላይ የማስቀምጥ ሰው ነኝ። ካስቀመጥኩ በኋላ ደግሞ እጸጸትና ሻይ እጋብዘዋለሁ።

እናቴ የምትኖረው ኮምቦልቻ ነው። ኮምቦልቻ ማለት እኮ እዚህ ታች ነው፤ ሚኒባሱ የሐረጎን ተራራ እየተጠማዘዘ ሲወርድ ከጎንህ ካለው ሰው ጋር የጀመርከውን ወሬ ሳትጨርስ ትደርሳለህ። እንዲህ ቅርብ ሆና ሳለ እኔ እናቴን እንደናፈቅኩ አረጀሁ። አባቴ ሲሞት ሰባት ዓመቴ ነበር። እሷ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ትሠራ ስለነበር፣ ሌሊት ስትገባ እኔን የሚጠብቅ ሰው አልነበረም፤ ደሴ አምጥታ አክስቴ ዘንድ አስቀመጠችኝ። እሁድ እሁድ ብርቱካን ይዛልኝ ትመጣና ዐሥር ሰዓት ሲሆን ትመለሳለች። ትምህርቱ አለቀ፣ ሙያው መጣ፣ ሱቁ ተከፈተ፣ ሳላገባ ጸጉሬ ሸበተ። እኔና እናቴ ግን ያው የእሁድ ሰዎች ሆነን ቀረን።

አንድ የብርድ ወራት እንኳን እኔ ዘንድ ብትከርም፣ ጠዋት ስነሣ ድምጿን ብሰማ፣ ማታ ስገባ ቤቱ ውስጥ ሰው ቢኖር። ምኞቴ ይኸው ነበር፤ ወላሂ ሌላ አልነበረኝም። በጠየቅኳት ቁጥር ግን አንድ ምክንያት አላት፤ ውሃ።

«ደሴ እኮ ሰው አይኖርበትም» ትለኛለች። «ለሱብሒ ሶላት ታጥቤ ውዱእ ሳደርግ ጣቶቼ የኔ አይመስሉኝም።»

እውነቷን ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ክር ስትቀጥል የኖረችባቸው ጣቶች ቁርጥማት ይዟቸዋል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካቸው ያብጣሉ። «እኔ በማንቆርቆሪያ አሞቅልሻለሁ» አልኳት። «ጎህ ሳይቀድ እየተነሣህ? በቀን አምስት ጊዜ? አላደርገውም!» አለች። ተራውን ቦይለር ላስገባ ብል ደግሞ የሰፈራችን መስመር ደካማ ነው፤ አንድ ሰው ቦይለር ሲያበራ የጎረቤቱ አምፖል ሁሉ ይደበዝዛል። እንዲህ ስንከራከር ዓመታት አለፉ። በመጨረሻ አንድ ቀን ሰለቸኋት መሰለኝ፣ «እሺ፤ ውሃው ሙቅ ከሆነ እከርማለሁ፤ ከቀዘቀዘ ግን በማግስቱ እመለሳለሁ» አለችኝ። እናቴ ቃሏን የምታጥፍ ሴት አይደለችም። እኔም ይህን ይዤ ተነሣሁ።

በዚያው ሰሞን ኮምቦልቻ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ሊዘጋ ነው ተብሎ ዕቃው ሲወጣ፣ ፍሪጆቹን እንዳይ ተጠራሁ። ጥግ ላይ ከኔ የሚረዝም ነጭ ነገር ቆሟል። ታንከር ይመስላል፤ አናቱ ላይ ግን ኮምፕሬሰርና ቬንትሌተር አለው። «ሂት ፓምፕ ነው፤ ውሃ ያሞቃል» አሉኝ። ክዳኑን ፈትቼ ስመለከት ሳቄ መጣ። ያ ረቢ! ይሄማ ሥራው የተገለበጠ ፍሪጅ ነው። ፍሪጅ ከውስጡ ሙቀት ያወጣና በጀርባው ወደ ቤቱ ይተፋል፤ ይሄኛው ደግሞ ከቤቱ አየር ላይ ሙቀት ለቅሞ ውሃው ውስጥ ይከታል፣ ብርዱን በአፉ ይተፋል። ውሃውን በእሳት ስለማይጥድ የሚፈልገው መብራት ትንሽ ነው። ለደካማ መስመራችን የተሠራ ነው አልኩ። ከዚያ ቤት የወጣሁት እሱን ገዝቼ ነው።

ማሽኑና እናቴ ሐረጎን የወጡት በአንድ አይሱዙ ነው። እሷ ጋቢና፣ ማሽኑ ኋላ፣ እኔ ማሽኑን አቅፌ። ኮምፕሬሰር ያለበት ዕቃ ከተጋደመ ዘይቱ ቦታውን ይለቃል፤ ስለዚህ ቆሞ ነው የሚሄደው። በየመጠምዘዣው ሾፌሩን እራገማለሁ። እናቴ በመስኮት አንገቷን አውጥታ «አንተ ልጅ፣ ራስህን ያዝ! ፍሪጁን ተወው!» ትላለች።

«ፍሪጅ አይደለም እማ!»

«እና ምንድን ነው?»

«ሙቅ ውሃ ነው!»

እሷም ሳቀች፣ ሾፌሩም ሳቀ። ብርዱ ፊቴን እየቆረጠኝ እኔም ሳቅኩ። እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ማሽኑን ያቆምኩት በእሷ መኝታ ክፍልና በመታጠቢያ ቤቱ መካከል ባለችው ኮሪደር ነው። ስናስገባው ጎረቤቴ የሆኑ አንድ አዛውንት ቄስ ሊያግዙን መጡ። «አባ፣ እርስዎ ይተዉት፣ ወገብዎን» ብላቸው «ዝም ብለህ ግፋ» አሉኝ። ካቆምነው በኋላ ላባቸውን እየጠረጉ እናቴን «እንኳን ደስ ያለዎት፤ ሠላሳ ዓመት ሲያቀዘቅዝ የኖረው ልጅዎ ንስሐ ገባ» አሏት። እሷም «አሚን አባ፣ አላህ ይቀበለው» አለች።

ዘይቱ እስኪረጋ አንድ ቀን ሙሉ ሳላበራው አቆየሁት። ውሃ ልክ አስቀምጬ እግሮቹን አስተካከልኩ። ቀዝቃዛ የሚገባበትን፣ ሙቅ የሚወጣበትን ቧንቧ አሰርኩ፤ ግፊት ሲበዛ የሚያስተነፍሰውን ቫልቭ ገጠምኩ። ማሽኑ ሲሠራ እንደ ፍሪጅ ያልበዋልና ላቡ የሚወርድበትን ቀጭን ጎማ ወደ ፍሳሹ ሰደድኩ። ውስጡ ለመጠባበቂያ የተቀመጠች የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነበረች፤ መስመራችን አይችላትምና ፈታኋት። የደሴ አየር ሞቅ የሚለው በቀትር ስለሆነ ከረፋዱ እስከ አሥር ሰዓት ብቻ እንዲሠራ አድርጌ ሰዓቱን ሞላሁት። የቀረችኝ አንዲት ሥራ ነበረች። ብርዱን የሚተፋበትን አፍ በሰፊ ቱቦ ወደ ውጭ ማውጣት ነበረብኝ፤ ለዚያ ደግሞ ግድግዳው መበሳት አለበት። «ይሄን ነገ እጨርሰዋለሁ» አልኩ። የሰው ቤት ቢሆን ሳልጨርስ አልወጣም ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ማሽኑ ላይ የውሃውን ሙቀት በቁጥር በምታሳየው ትንሽ መስኮት ሃምሳ አምስት ታየ። እናቴ እጇን ከቧንቧው ሥር አድርጋ «ማሻአላህ፣ ማሻአላህ» እያለች ደጋገመችው። እኔ ዞር አልኩ፤ ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነበር።

ያን ሰሞን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ጠዋት የሚቀሰቅሰኝ የነጠላ ጫማዋ ድምፅ ነው። ሱቅ ልሄድ ስል «ቆመህ አትብላ፣ አህያ ነው ቆሞ የሚበላው» ብላ ታስቀምጠኛለች። ማንኪያዎቼን ሁሉ ሌላ ቦታ አስቀመጠች፤ እስካሁን ፈልጌ የማገኛቸው በመከራ ነው። ከሬዲዮኑ ጋር ትከራከራለች። ማታ በሩን ስከፍት «መጣህ?» ትላለች። መምጣቴን እያየች እኮ ነው የምትጠይቀኝ! ይህቺን «መጣህ?» ለመስማት ሱቄን ቀድሜ መዝጋት ጀመርኩ። ደንበኞቼ «ሰውዬው ሚስት አገባ እንዴ?» ይሉ ነበር አሉ።

ሙቁን ውሃ እኔ አልነካም። ታንከሩ ትልቅ አይደለም፤ አንድ ጣሳ ብቀዳ ከሷ የቀነስኩ ይመስለኛል። እኔ ግቢው ውስጥ ካለችው ቧንቧ በቀዝቃዛው እታጠባለሁ። በየማታው ግን «እማ፣ ውሃው እንዴት ነው?» እላታለሁ። «ይፋጃል!» ትለኛለች። «እንዲያውም ቀዝቃዛ እየጨመርኩበት ነው።»

ታኅሣሥ ገብቶ ውርጩ ሲጠና መስኮቷ ላይ ያለው ቁጥር ይወርድ ጀመር። ሠላሳ ሆነ፣ ከዚያ ዐሥራ ሁለት። «እማ፣ ውሃው ቀዝቅዟል እንዴ?» አልኳት። «ኧረ ይፋጃል፣ አብሽር» አለች። እንግዲህ አስቡት፤ አንድ በኩል ማሽኑ፣ አንድ በኩል እናቴ። እኔ ማሽኑን ነው የተጠራጠርኩት። ሙቀት የሚለካው ሴንሰር ተበላሽቶ ነው ብዬ አወጣሁትና ሌላ ቀየርኩለት። አዲሱም ዐሥራ ሁለት አለ። «ይሄም ውሸታም ነው» ብዬ ሁለተኛ ቀየርኩ። ሠላሳ ዓመት የሠራሁ ሰው፣ እጄን ዘርግቼ ቧንቧውን መክፈት አቃተኝ። እናቴ ይፋጃል ካለች ይፋጃል። ቧንቧውን ከፍቼ መፈተን እሷን መፈተን መስሎ ታየኝ።

እጆቿን በሻርፗ ውስጥ መደበቅ የጀመረችውም ያኔ ነው። «በረደሽ?» ስላት «ልማድ ነው» ትለኛለች። ምግብ ስታቀርብ አንድ ጊዜ አየኋቸው፤ ጣቶቿ አብጠው ቀለበቷ አልወጣ ብሏት ነበር። ቁርጥማቱ ተነሥቶባት ነው ብዬ ቅባት ገዛሁላት።

አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ የጋዝ መለኪያዬን ባጣው ለመውሰድ በቀትር ወደ ቤት መጣሁ። ኮሪደሩ ውስጥ ስገባ ማሽኑ የለም። ማለቴ፣ አለ፤ ጋቢ ለብሷል። የእናቴ ወፍራም ጋቢ ከአናቱ ጀምሮ ተጠቅልሎበት፣ በላዩ የኔ ብርድ ልብስ ተደርቦ፣ ወገቡ ላይ በመቀነቷ ታጥቋል። የብርዱ አፍ ትራስ ተወትፎበታል። ከውስጥ ኮምፕሬሰሩ ያቃስታል። እናቴ አጠገቡ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ የሙስበሓዋን ዶቃ ትቆጥራለች። ስታየኝ ደንግጣ ተነሣች።

ጋቢውን ገፍፌ ክዳኑን ብከፍተው ሙቀት የሚለቅመው ራዲያተር ከላይ እስከ ታች በረዶ ሆኗል። አየር ሲያጣ ምን ይልቀም? ሄጄ ሙቁን ቧንቧ ከፈትኩት። ውሃው እጄን አደነዘዘኝ። በዚህ ውሃ ነው እንግዲህ እናቴ ከሁለት ሳምንት በላይ በቀን አምስት ጊዜ የታጠበችው።

መጮህ አልነበረብኝም። ጮህኩ። «ማን ንኪ አለሽ! የማታውቂውን ለምን ትነኪያለሽ! ይፋጃል፣ ይፋጃል እያልሽ ስትዋሺኝ ከረምሽ!» አልኳት። ሴንሰሩን አልኩ፣ ድካሜን አልኩ፤ የምለው ሲያልቅብኝ ያንኑ ደገምኩት። ድምፄ ቄሱ ግቢ ድረስ ተሰምቷል።

እናቴ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። «ይነፋል እኮ ልጄ» አለች ቀስ ብላ። «አንተ አትኖርም፤ ቀን ቀን ብርድ ይነፋብኛል። ሽው ሲል ወገቤን ይዞኝ ይቀራል። እሱም ብርድ ስለሚመታው ነው፣ ባለብሰው ይሻለዋል ብዬ ነው። ከዚያ ውሃው ቀዘቀዘ። አንተ ስትመጣ እንዳታየው እገፈዋለሁ። ያን ያህል አቅፈኸው መጥተህ፣ በምን አፌ በረደኝ ልበልህ?»

«ውሸት ግን ለምን?» አልኳት። አሁንም አልበረደልኝም ነበር።

«አንተስ?» አለች። «አክስትህ ዘንድ ሳለህ፣ እሁድ ስመጣ ‹እማ ሞቆኛል፣ ደህና ነኝ› ትለኝ አልነበር? እጅህን ይዤው እኮ ነው የምትለኝ። እንደ በረዶ ነበር። ሰምቼ ዝም እል ነበር፤ ወስጄ የት አደርግሃለሁ?»

 የሰባት ዓመት ልጅ የዋሸውን ውሸት እናቱ ስታውቀው እንደኖረች እኔ በስተርጅና ነው የሰማሁት። መዶሻና መሮ አምጥቼ ግድግዳውን መብሳት ጀመርኩ። ብርድ ይነፋብኛል ያለችው ልክ ነበረች፤ ጥፋቱ «ነገ» ያልኩት የኔው ነው። በዚያው ቀን ቱቦውን ወደ ውጭ አወጣሁት። አየር የሚስብበትን ፊልተር አጠብኩ፣ በረዶው ቀልጦ እስኪያልቅ ጠበቅኩና አበራሁት። በማግስቱ ከሰዓት ሃምሳ አምስት ሆነ። ቧንቧውን እኔው ራሴ ከፈትኩት፤ ይፋጃል።

ውሃው ሞቀ፣ እናቴ ግን እንደ ድሮዋ አልሆነችም። ምንም ነገር ከመንካቷ በፊት «ይህን ልንካው?» ትለኛለች። የገዛ ልጇ ቤት ውስጥ የመብራት ማብሪያ ለመንካት ታስፈቅደኛለች! በጠየቀችኝ ቁጥር የጮህኩባት ትዝ ይለኛል። አፉ በይኝ ብያታለሁ፤ «ምን አደረግከኝ?» ብላ አለፈችው። ሳምንት ሳይሞላ ኮምቦልቻ ጎረቤቷ ሞተችባትና ለለቅሶ ወረደች። ሰልስቱ አለፈ፣ አርባው አለፈ። አልተመለሰችም፤ እኔም ነይ አላልኳት። ተቀይማኝ ነው ብዬ አፈርኩ።

ማሽኑን ብቻዬን እንከባከበዋለሁ። በየወሩ ፊልተሩን አውጥቼ አጥባለሁ፣ የላቡ ጎማ እንዳይደፈን እነፋዋለሁ፣ ቫልቩን አንስቼ አስተነፍሰዋለሁ። ታንከሩ ውስጥ አንዲት ዘንግ አለች፤ ታንከሩ እንዳይዝግ በእሱ ፋንታ እሷ ተበልታ ታልቃለች። ፈትቼ አየኋት፣ ገና ብዙ ይቀራታል። ሥራው ሁሉ ልክ ነው። ታንከር ሙሉ ሙቅ ውሃ አለኝ፤ ማታ በሩን ስከፍት ግን «መጣህ?» የሚለኝ የለም።

በየማታው እደውላለሁ። «እማ፣ ደህና ነሽ?» እላታለሁ። «አልሐምዱሊላህ፣ በጣም ደህና ነኝ፣ አብሽር» ትለኛለች። ድሮ ይህን ስሰማ ስልኩን ዘግቼ እተኛ ነበር። አሁን አልችልም። ያን «ይፋጃል» ያለችበት ድምፅ ነው፤ ልዩነት የለውም። እውነት ደህና ትሁን አትሁን በስልክ የማውቅበት መንገድ የለኝም።

አንድ ረቡዕ ጠዋት የደንበኛ ፍሪጅ እንደፈታሁ ተውኩትና ሱቄን ዘግቼ ኮምቦልቻ ወረድኩ። በሩን ስትከፍትልኝ እሁድ ስላልሆነ ደነገጠች። «ምን ሆንክ? ማን ሞተ?» አለች። «ማንም አልሞተም» ብዬ ሁለት እጆቿን ያዝኩ። ለረጅም ጊዜ ያዝኳቸው።

«ለውሃው ብዬ አይደለም እኮ ነይ ያልኩሽ» አልኳት። «ከልጅነቴ ጀምሮ ትናፍቂኛለሽ። እቤት ሰው የለኝም እማ።»

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። እንባዋን አልጠረገችውም።

«ውሃው ከቀዘቀዘ እመለሳለሁ ብዬህ አልነበር?» አለችኝ። «ቀዝቅዟል ብልህ ኖሮ መሄዴ ነበር። መሄድ አልፈለግኩም።»